ሦስት ቀዳዳ፣ ሁለት ሽቦ

  ዛሬ የምንነጋገረው በአብዛኛው ቤት ውስጥ ስለሚገኝ አንድ ዕቃ ነው፤ ስለ ዲቫይደር። ከእሱ ተነስተንም ስለ ምጣዱ፣ ስለ ስቶቩና ውሃ ስለምናፈላበት ሂተር እናነሳለን። እኔ ይዤው የመጣሁት ሐሳብ ግልጽ ነው። ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል ጭራሽ ለሽያጭ መቅረብ የሌለባቸው አሉ፤ ሻጩ ዋጋ ቢቀንስም፣ ገዢው «በራሴ ኃላፊነት» ቢልም መሸጥ የለባቸውም። የትኞቹ እንደሆኑና ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ከቡታጅራ ገበያ የተገዛ አንድ ነጭ ዲቫይደር እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ። አራት መሰኪያ አለው፤ እያንዳንዱ መሰኪያ ሦስት ቀዳዳ፣ ከላዩም ቀይ መብራት ያለው ማብሪያ ማጥፊያ። ጀርባው ላይ 10 አምፔር፣ 250 ቮልት፣ 2500 ዋት የሚል ታትሟል። ከአጠገቡ ሲ እና ኢ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። የፋብሪካው ስም ግን የለም፤ የተሠራበት አገርም አልተጻፈም። ብዙ ሰው እነዚያን ሁለት ፊደላት ሲያይ «ተመርምሮ ያለፈ ነው» ብሎ ይረካል። ምልክቱ የአውሮፓ ገበያ ምልክት ነው፤ ለአብዛኛው የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚለጥፈውም አምራቹ ራሱ፣ ሕጉን አሟልቻለሁ ሲል ነው። አምራቹ ስሙን ደብቆ የለጠፈው ምልክት ምን ዋስትና ይሰጣል?

አሁን ገመዱን ልቁረጠው። (የመቁረጫ ድምፅ) በአንድ ምት ነው የተቆረጠው። ከውጭ ሲታይ ወፍራም ነበር፤ ውፍረቱ ግን የፕላስቲኩ ነው። ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ አለ። ሦስት ቀዳዳ ላለው መሰኪያ ሦስት ሽቦ ነበር የሚያስፈልገው፤ ሦስተኛው የመሬት መስመር ነው። የዕቃው ብረት አካል በሆነ ምክንያት ኤሌክትሪክ ቢይዝ፣ ያንን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ወስዶ ብሬከሩ እንዲቆርጥ የሚያደርገው እሱ ነው። እዚህ ዲቫይደር ላይ ቀዳዳው አለ፤ ከጀርባው ግን ምንም የለም። ሽቦውን ደግሞ በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ቀዩ መልክ ለቀቀ፤ ከሥሩ ነጭ ብረት ወጣ። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ሁለት ሦስተኛ እንኳ በወጉ አይሞላም። በዚያ ላይ በብሎን የታሰረበት ቦታ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይላላል፤ የላላ ማያያዣ ደግሞ ይፈነጥቃል። መሰኪያችሁ ጥቁር እያለ የሚሄደው፣ ያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታም የሚመጣው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ይህንን ዕቃ ወደ ማዕድ ቤት እንውሰደው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃ ሁሉ ኃይል የሚበላው ነው፤ እንደ አሠራሩ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይጠጋል። የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ስለሆነ፣ ዋቱን ለ220 ስታካፍሉት ከ16 እስከ 18 አምፔር ይመጣል። ዲቫይደሩ ጀርባው ላይ የሚለው 10 ነው። ስለዚህ በሐቅ የተሠራ፣ ሙሉ መዳብ ያለው፣ የጻፈውን የሚያከብር ዲቫይደር እንኳ ለምጣድ አልተሠራም። ምጣድ ላይ ስንሰካው ከአቅሙ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ እያሸከምነው ነው። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከጅረቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፤ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የተለመደው የገመድ ፕላስቲክ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ይለሰልሳል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ፤ «ኮንታክት አደረገ» የምንለው ይህ ነው።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን አይቆርጥም?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብሬከር የሚመረጠው በግድግዳው ውስጥ ላለው ገመድ ነው። ለምጣድ ተብሎ 25 አምፔር ብሬከር ከተገጠመ፣ 18 አምፔር ሲያልፍ ብሬከሩ ሥራው ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል። ቀጭኑ የዲቫይደር ገመድ በዚያው ጅረት ሲቀልጥ ብሬከሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ብሬከር አለኝ» ብላችሁ አትተማመኑ የምለው ለዚህ ነው።

በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። እንጀራ የሚጋገረው፣ ቆጮም የሚበስለው ለአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ነው። ብዙ ጊዜ ወለሉ አፈር ነው፤ እጅ ሊጥ ነክቶታል፤ እግር ባዶ ነው። ምጣዱ በክብ ስፒና የሚሰካ ከሆነ የመሬት መስመሩ ያለው በስፒናው ጎን ባሉት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ነው፤ ያ ባለ ሦስት ቀዳዳ ዲቫይደር ላይ ግን እነዚያን ብረቶች የሚነካቸው ነገር የለም። ስለዚህ የምጣዱ ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ከያዘ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርደው በምትጋግረው ሴት በኩል ነው። የብዙ ቤት እናቶች «ምጣዱ ትንሽ ይነዝረኛል» ይላሉ፤ እንደ ተራ ነገር። በሰው ልብ በኩል ካለፈ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ጅረት ሊገድል ይችላል፤ ይህም ምጣዱ ከሚወስደው ከአምስት መቶ እጅ አንዱ ነው። መንዘር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይህንን ቃል ስትሰሙ ምጣዱን ንቀሉት።

ሌላው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ጋገራው መሀል ላይ መብራት ይጠፋል፤ ማብሪያው እንደበራ ይቀራል፤ ሰውም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ሌሊት መብራቱ ሲመጣ ምጣዱ፣ ስቶቩ ወይም ባልዲ ውስጥ የተተወው ሂተር ማንም በሌለበት ይግላል። ውሃው ያለቀበት ሂተር በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል፤ ፕላስቲክ ባልዲ ከሆነ ደግሞ የሚነደው መጀመሪያ ባልዲው ነው። መብራት እንደጠፋ ስፒናውን መንቀል ልማድ ይሁን። ሂተሩን በተመለከተ ደግሞ፣ ሳይነቀል ውሃው ሞቀ አልሞቀ ብሎ በጣት መንካት ፈጽሞ አይገባም።

አሁን ወደ ሽያጭ እገዳው ልግባ። ሕጉ ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ለሰው ጤናና ደህንነት አደገኛ የሆነ፣ ምንጩ ያልታወቀ፣ ከተቀመጠለት ደረጃ በታች የሆነ ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። የፋብሪካ ስም የሌለው ያ ዲቫይደር «ምንጩ ያልታወቀ» ከሚለው ሌላ ምን ይባላል? በአገር ደረጃ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት መስፈርቱን ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ናሙና ይፈትሻል፤ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ደግሞ አስገዳጅ ደረጃ የወጣለት ዕቃ ከደረጃው በታች ሆኖ ሲገኝ ወደ አገር እንዳይገባ ያግዳል። ሥርዓቱ በወረቀት ላይ የተሟላ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ዕቃው ቡታጅራ ድረስ እንዴት መጣ? እኔ እንደማየው ችግሩ እገዳው ጥቅል መሆኑ ላይ ነው። «ከደረጃ በታች» የሚለውን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ ባለሙያ ሱቅ ሲገባ የዘይቱንና የዱቄቱን የአገልግሎት ጊዜ አይቶ ያውቃል፤ ዲቫይደሩን ግን አገላብጦ መልሶ ያስቀምጠዋል። ላቦራቶሪ በኪሱ የለም። ስለዚህ ዕቃው ከመግቢያ ኬላ ካመለጠ እዚህ የሚይዘው የለም።

መፍትሔ ያገኙ አገሮች አሉ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ያወጣው ደንብ ለእኛ ጥሩ ትምህርት ነው። ኮሚሽኑ የኤክስቴንሽን ገመዶችን ለይቶ አወጣና በግልጽ ሊታዩ የሚችሉ ጉድለቶችን ዘረዘረ። ከእነዚህም ውስጥ የሽቦው ቅጥነት፣ ገመዱ ሲጎተት ከመሰኪያው እንዳይነቀል የሚይዘው ማሰሪያ አለመኖሩ፣ የመስመሮቹ መዘበራረቅና ከጫፍ እስከ ጫፍ አለመገናኘታቸው ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ የተገኘበት ዕቃ በራሱ አደገኛ ተብሎ ይቆጠራል፤ ወደብ ላይም ሊመለስ ይችላል። አደጋ እስኪያደርስ አይጠበቅም። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዕቃው ከላኪው አገር ሳይነሳ እንዲፈተሽ የሚያደርግ ሥርዓት ዘርግታለች።

እኛም ለክልላችንና ለከተሞቻችን የንግድ መሥሪያ ቤቶች አንዲት ገጽ የምትሆን ዝርዝር ብንሰጣቸው ብዙ ይቀየራል። ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ሁለት ሽቦ ያለው አይሸጥ። የአምራች ስምና የአምፔር መጠን ያልተጻፈበት አይሸጥ። ሽቦው ተፍቆ ነጭ ብረት የወጣበት አይሸጥ። ገመዱ በእጅ ሲሳብ ከሳጥኑ እየወጣ የሚመጣ አይሸጥ። ይህንን ለማየት መቁረጫ፣ ትንሽ ማግኔትና አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከየዓይነቱ አንድ ናሙና ቆርጦ ማየት ነው። የማግኔቱ ነገር የስፒናው እግሮች ላይ ይጠቅማል። ጥሩ ስፒና እግሩ ነሐስ ነው፤ ነሐስ በማግኔት አይያዝም። ማግኔቱ ከተጣበቀ ቢጫ ወይም ነጭ የተለበጠ ብረት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ነጋዴው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ቡታጅራ ሱቅ የከፈተ ሰው ዕቃውን ያመጣው ከመርካቶ ነው፤ ከጅምላ ሻጭ በካርቶን ተረክቦ። ካርቶኑን ሲከፍት እሱም እንደ እኛው የሚያየው ውጪውን ነው። ቅጣቱ በቸርቻሪው ላይ ብቻ ካረፈ፣ ዛሬ እዚህ የተወረሰው ነገ ወልቂጤ ወይም ሆሳዕና ይሸጣል። ቁጥጥሩ ወደ አስመጪውና ወደ መርካቶ መጋዘን መውጣት አለበት፤ ለዚያም ቸርቻሪው ከማን እንደገዛ የሚያሳይ ደረሰኝ ሊኖረው ይገባል። መርካቶ ውስጥ በጅምላ ንግድ ከሚተዳደሩት መካከል የዚህ አካባቢ ልጆች ስንት እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ካርቶኑ የሚሄደው እናታችሁ ወደምትጋግርበት ቤት ነው። ለመስቀል፣ ለአረፋ ስትመጡም ከምትጭኑት ስጦታ መካከል ዲቫይደርና ስቶቭ አይጠፋም። በዚያ ገንዘብ ፈንታ ለእናታችሁ ምጣድ የራሱን መስመር አስዘርጉላት። ከብሬከር በቀጥታ የመጣ፣ ከ4 ሚሊሜትር ስኩዌር ያላነሰ የመዳብ ገመድ፣ የመሬት መስመር ያለው፣ ለዚያ ኃይል የሚሆን ጠንካራ ሶኬት። ገንዘቡ ካለ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲፈስ በ30 ሚሊ አምፔር ወዲያው የሚቆርጠውን ብሬከር ጨምሩበት። ሥራውን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ ማረጋገጫውን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም።

ስለ አገር ውስጥ ምጣድ ሠሪዎች ግን ሐሳቤ የተለየ ነው። ምጣዱ በአብዛኛው ከውጭ አይመጣም፤ ሸክላው በእኛ ሴቶች ይሠራል፣ ቆርቆሮውን በየከተማው ያሉ ትንንሽ ወርክሾፖች ይበየዱታል። እነዚህን መዝጋት ሥራ መግደል ነው፤ ሴቶችንም ወደ ጭሱ መመለስ ነው። የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ማስተካከያ ነው። ገመዱ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባበትን ቦታ አይታችኋል? ብዙ ጊዜ ጠርዙ ሹል ነው፤ ጎማ አልገባበትም። ክዳኑ በተከፈተና ምጣዱ በተነቃነቀ ቁጥር ቆርቆሮው ፕላስቲኩን ትንሽ ትንሽ ይገዘግዘዋል። አንድ ቀን ሽቦው ቆርቆሮውን ይነካል፤ ሙሉ ምጣዱ ኤሌክትሪክ ይሆናል። አንዲት የጎማ ቀለበት ይህን ታስቀራለች። ከእሷ ጋር የመሬት ሽቦ የሚታሰርበት አንድ ብሎን፣ ሙቀት የሚችል የሸክላ ማያያዣ፣ የሠሪው ስምና የዋት መጠን የተጻፈበት ትንሽ ቆርቆሮ ይኑር። የከተማው አስተዳደር ሠሪዎቹን ሰብስቦ ቢያሠለጥን፣ የጊዜ ገደብም ቢሰጥ፣ ከዚያ ወዲያ እነዚህ የሌሉትን ምጣድ መከልከል ፍትሐዊ ይሆናል።

«ርካሹን ከከለከላችሁ ድሀው ምን ይግዛ?» የሚለው ክርክር ከባድ ነው፤ አቅልዬ አላልፈውም። አቅም የሌለው ሰው ባለ አራት መሰኪያውን ትቶ ባለ ሁለት መሰኪያ ሦስት ሽቦ ያለውን ቢገዛ ዋጋው ብዙ አይራራቅም። ዋናው ግን ይህ ነው። መጥፎው ዕቃ ገበያ ላይ እስካለ ድረስ ጥሩውን የሚያመጣ ነጋዴ በዋጋ አይችለውም፤ ስለዚህ ጥሩው ይጠፋል፤ ድሀው የሚመርጠው ሁለት ነገር አይኖረውም። ሦስት ወር ሳይቆይ የሚቀልጥን ዕቃ ደጋግሞ የሚገዛውም እሱ ነው። የሳር ክዳን ወይም የእንጨት ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖረውም እሱ ነው።

ስለ መብታችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። አዋጅ 813 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ከዚህ በጣም ቀድሞ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሆኖም አንድ ማለፊያ አለው። ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ ከሆነ አምራቹ አይጠየቅም። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ነው። ተራው ሰው ሱቅ ውስጥ ገመድ ቆርጦ አያይም፤ ሻጩም አይፈቅድለትም። የሽቦውን ቁጥር ገዢው ሊያውቅ ይገባ ነበር ብሎ ኃላፊነቱን ወደ እሱ መግፋት አይገባም፤ አስቀድሞ የሚከለክለው መንግሥት መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

እስከዚያው ግን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፣ ገመዱን ሳብ አድርጉት፣ በእጃችሁ መዝኑት፤ ትልቅ ሆኖ ቀላል ከሆነ ውስጡ መዳብ የለውም ብላችሁ ጠርጥሩ። ደረሰኝ ጠይቁ፤ የዕቃው ስም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሻጩ «ለምጣድ ይሆናል» ካላችሁ እሱንም ይጻፍላችሁ፤ የማይጽፍ ከሆነ አትግዙት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ዕቃው ቤታችሁ ውስጥ ቀልጦ ወይም ነዝሯችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ከብሬከሩ ወይም ከቆጣሪው አጥፉ፤ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ ውሃ አትድፉበት፤ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በባዶ እጅ አትንኩት። የተበላሸው ከቆጣሪ በፊት ያለው መስመር ከሆነ በ905 ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደውሉ። የተቃጠለውን ዲቫይደር ግን ቆሻሻ ላይ አትጣሉት፤ ለልጆችም መጫወቻ አትስጡት። በፌስታል ጠቅልላችሁ ከደረሰኙና ካነሳችሁት ፎቶ ጋር አስቀምጡት። ከዚያም ወደ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ውሰዱት፤ አቤቱታችሁን በጽሑፍ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ የገዛችሁበትን ቀንና ሱቅ፣ ምን ላይ ሰክታችሁት እንደነበር ጻፉ። አንዱን ለእነሱ ስጡ፤ ሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።